ልጆቼን ከባጃጅ ኮንትራት አውጥቼ በእግር አስጀመርኳቸው፦ ስለ ማሻገር አገልግሎቱ የአንድ ዓመት አስተያየት፣ ከጅማ

ስለ ልጆች ማሻገሩ አገልግሎት ብዙ ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ስለሚጠይቀኝ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትልቁ 5ኛ ክፍል ነው ትንሿ 2ኛ፣ ቤታችን ቆጪ ነው። እስከ አምና ድረስ በባጃጅ ኮንትራት ነበር ሚመላለሱት፣ አሁን ግን የትምህርት ቤታችን ወተመህ (የወላጅ ተማሪ መምህር ህብረት ማለት ነው) ባቋቋመው በእግር አብሮ የመሄድና የማሻገር አገልግሎት ውስጥ ናቸው፣ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ከ5 ስንት ትሰጪዋለሽ ካላችሁኝ 4 ተኩል። ያቺን ግማሽ ለምን እንደቀነስኩ እነግራችኋለሁ፣ መጀመሪያ ግን ከባጃጁ ለምን እንደወጣን ካላወራሁ ነገሩ አይገባም።

ኮንትራቱን ስንጀምር ጥሩ ነበር። ባለባጃጁ ጨዋ ልጅ ነው፣ ልጆቹን በስማቸው ነው ሚጠራቸው፣ ሚቀር ከሆነም ቀድሞ ይደውላል። ሶስት ልጅ ብቻ ነው ምጭነው ብሎን ነበር፣ የኋላው ወንበርም ለሶስት ሰው ነው የተሰራው። ጥቅምት ላይ አምስት ሆኑ። ኅዳር ላይ ሰባት ሆኑ፣ ሁለቱ ከሱ ግራና ቀኝ ተለጥፈው፣ አንድ እግራቸው ውጪ፣ ቦርሳው ሁሉ ከኋላ ተከምሮ። ጠየቅኩት። እህቴ ነዳጁ ጨመረ፣ መለዋወጫው ጨመረ፣ እናንተ ምትከፍሉኝ ያው ነው፣ ምን ላድርግ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ልፈርድበት አልችልም። ግን ችግሩ የልጆቹ ብዛት ብቻ አይደለም፣ ሁለት ዙር ነው ሚሰራው፣ ሌላ ሰፈር ያሉትን አድርሶ ነው ወደኛ ሚመጣው፣ ስለዚ በመጀመሪያው ዙር አምስት ደቂቃ ከዘገየ ያቺን አምስት ደቂቃ በኛ ልጆች ዙር ላይ በፍጥነት ነው ሚያካክሳት። ይሄን ያወቅኩት ትንሿ ልጄ ደስ ብሏት እማዬ ዛሬ እኮ በረርን ስትለኝ ነው።

የወሰንኩበትን ቀን ልንገራችሁ። ትምህርት ቤታችን በፈረቃ ነው ሚያስተምረው፣ የጠዋቱ ፈረቃ 6 ሰዓት ላይ ይወጣል የከሰዓቱ 6 ከ30 ይገባል፣ ስለዚ እኩለ ቀን ላይ ግማሹ ልጅ እየወጣ ግማሹ እየገባ ነው፣ በሩ ደግሞ አንድ ነበር፣ መንገዱም ጠባብ ነው። በፈረቃ ሚያስተምር ትምህርት ቤት ያላችሁ ይሄን ሰዓት ታውቁታላችሁ። ባጃጁ በሁለት መደዳ ቆሟል፣ የወላጅ መኪና ሶስተኛ መደዳ ይዟል፣ ሞተሩ በመሃል ይሹለከለካል፣ ጋሪ አለ፣ ቆሎና ማስቲካ ሚሸጡ ልጆች አሉ፣ ሁሉም ክላክስ ያደርጋል ማንም አይንቀሳቀስም። በዛ ወር ልጆቼ የከሰዓት ፈረቃ ነበሩ። ትንሿ ከባጃጁ በግራ ወረደች፣ ማለትም በእግረኛው በኩል ሳይሆን በአስፋልቱ በኩል፣ ምክንያቱም በቀኙ ሌላ ባጃጅ ተጠግቶ ቆሞ መውጫ አልነበረም። በዛው ቅፅበት አንድ ሞተር በመሃል ሲያልፍ ቦርሳዋን ያዘውና ጎተታት። ዞራ ወደቀች። ቦርሳው ተቀደደ፣ ጉልበቷ ተላጠ፣ ሌላ ምንም አልሆነችም፣ አልሐምዱሊላህ። እኔ ማዶ ነበርኩ፣ ሁሉንም እያየሁት ነው የሆነው። ጫማዋ ወልቆ አስፋልቱ ላይ ቀርቶ ነበር፣ እሷን አንስቼ ዞር ስል አንድ ባጃጅ ጫማውን ረግጦት አለፈ። እስካሁን ከዓይኔ ያልጠፋው እሱ ነው።

ወንድሜ የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ ውስጥ አስተማሪ ነው፣ ማታ ሊያረጋጋኝ መጥቶ ወረቀት ላይ የፃፈልኝን ልንገራችሁ ምክንያቱም አስተሳሰቤን የቀየረው እሱ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሚሄድ ነገር በአንድ ሰከንድ 8 ሜትር ከምናምን ይጓዛል። ሾፌሩ ልጅ አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ያህል ይሄዳል፣ ፍሬኑ ይዞ ጎማው እስኪቆም ሌላ 5 ወይ 6 ሜትር፣ በድምሩ 14 ሜትር አካባቢ ነው፣ እሱም ደረቅ አስፋልት ላይ። በ50 ሲሆን ግን እግሩ ፍሬን እስኪነካ ብቻ 14 ሜትር ሄዷል፣ ለመቆም ደግሞ ሌላ 14 ይፈልጋል። ስለዚ አንዲት ልጅ 15 ሜትር ላይ ድንገት ብትገባበት በ30 ሚሄደው ይቆምላታል፣ በ50 ሚሄደው ግን ፍጥነቱን ገና ሳይቀንስ ነው ሚደርስባት። ጅማ ላይ ደግሞ አስፋልቱ ደረቅ ሚሆንበት ቀን ስንት ነው፣ ሲረጥብ ይሄ ሁሉ ርቀት ይረዝማል። እኔ 30 እና 50 ትንሽ ልዩነት ይመስለኝ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዓለም ላይ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ከምንም በላይ ሚገድላቸው የመንገድ አደጋ ነው፣ በጠቅላላው በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው ገደማ ይሞታል፣ በፈረንጆቹ 2020 ስቶክሆልም ላይ አገሮች ተሰብስበው እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነት ከ30 አይለፍ ያሉትም ይሄንኑ አይተው ነው።

ወንድሜ ሌላም አለኝ፣ ልጅ ትንሽዬ አዋቂ አይደለም አለኝ። የ2ኛ ክፍል ልጅ የሚመጣው መኪና ምን ያህል እንደሚርቅና ምን ያህል እንደሚፈጥን አንድ ላይ መገመት አትችልም፣ ገና ነው፣ ስትመክራት አዎ ትልሃለች ግን ማዶ ጓደኛዋን ስታይ ትሮጣለች። ቁመቷም አጭር ስለሆነ ከቆመ ባጃጅ ኋላ ከሆነች እሷም መኪናውን አታየውም ሾፌሩም አያያትም። ያኔ ነው የገባኝ፣ ልጄን በር ድረስ ላድርሳት ብዬ ያቆምኩት ባጃጅ የሌላዋን እናት ልጅ ይሸፍናል፣ የሷ ደግሞ የኔን። ጭንቅንቁን ሚሰራው ሌላ ሰው አይደለም፣ ልጃችንን ከሁሉም አስጠግተን ለማውረድ ምንሽቀዳደመው እኛው ነን።

አሁን ወደ አገልግሎቱ። ሶስት መሰብሰቢያ አለው፣ አንዱ እኛ ጋ ቆጪ፣ አንዱ በመንቲና በኩል፣ አንዱ በሂርማታ በኩል። ልጁን እዛ ድረስ ታመጡታላችሁ፣ የጠዋት ፈረቃ ከሆነ 1፡20 ላይ ስም ይጠራል፣ 1፡30 ላይ ይነሳሉ፣ የዘገየ አይጠበቅም። መጀመሪያ ላይ ይሄ ያናድደኝ ነበር ግን አሁን ሳየው ልክ ናቸው፣ አንዱን ሲጠብቁ ቢዘገዩ ሃያውም ልጅ መሮጥ ይጀምራል። ሁለት አዋቂ አብሯቸው አለ፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ የፊተኛዋ እርምጃዋን በትንሹ ልጅ ነው ምትለካው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉት ቋጠሮ ቋጠሮ ያለው ረጅም ገመድ ይዘው ነው ሚሄዱት፣ ለአንድ ልጅ አንድ ቋጠሮ፣ ትልልቆቹ በመኪናው በኩል ከጎን ይሆናሉ። የእግረኛ መንገድ ባለበት እሱን ይይዛሉ፣ በሌለበት ደግሞ ግራቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ መኪናው ከፊታቸው እየመጣ እንዲያዩት እንጂ ከኋላቸው እንዳይመጣባቸው። ይሄ ግራ መያዝ ሁላችንም በልጅነታችን የተማርነው ነው ግን ቆማችሁ እዩ፣ ከተማው ውስጥ ከአዋቂው ስንቱ ያደርገዋል።

ከኛ ሰፈር 22 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በባጃጅ 10 ደቂቃ ነው ቢባልም እሱን ስንጠብቅና በሩ ላይ ተቆልፈን ስንቆም ሚሄደው ሲደመር ያው ነበር። ልጆቹ ነቅተው ነው ክፍል ሚገቡት ትላለች የትንሿ አስተማሪ። ትልቁ ልጄ አሁን የኋላ ረዳት ሆኗል፣ ገመዱን የለቀቀ ልጅ ካለ ሚያስይዘው እሱ ነው፣ ቤት ውስጥ እንዲህ ኃላፊነት ሲወስድ አይቼው አላውቅም ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን ዜብራው ላይ ያሉት ሰውዬ ናቸው። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፣ ከጅማ አዲስ አበባ ያለውን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመላለሱበት የኖሩ፣ ልጆቹ አባባ ነው ሚሏቸው። አንፀባራቂ ሰደርያ ለብሰው፣ ፊሽካ አንገታቸው ላይ፣ ቀይ ባንዲራ በእጃቸው። አሰራራቸውን አንድ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ቆሜ አይቼዋለሁ። ባንዲራውን ከፍ ያደርጉና የመጀመሪያው መኪና ጎማው እስኪቆም ድረስ ልጆቹን አያስነሱም። ሾፌር እጁን ስላወዛወዘላችሁ አትመኑት፣ ጎማውን እዩ ነው ሚሏቸው። ከዛ ራሳቸው ይገቡና የቆመውን መኪና አልፈው ሁለተኛውን መስመር ያያሉ፣ ምክንያቱም ልጅ ሚገጨው ብዙ ጊዜ እዛ ጋ ነው፣ አንዱ ጨዋ ሾፌር ይቆማል፣ ከኋላው ያለው ለምን እንደቆመ ሳይገባው ደርቦት ያልፋል። እሱም ከቆመ በኋላ ነው ፊሽካ። የመጨረሻው ልጅ ማዶ ሳይረግጥ ከመሃል አይነቃነቁም። ባለጋሪውንም ባለሞተሩንም ሱታ! ሱታ! ይሉታል፣ በአፋን ኦሮሞ ቀስ በል ማለት ነው፣ ትንሿ ልጄ ቤት ውስጥ ሻይ ይዤ ስፈጥን ሱታ ትለኛለች።

አንድ ነገር ደግሞ ሾፌሮቹ ራሳቸው የወደዱት አለ። ድሮ ልጆቹ አንድ በአንድ ስለሚሻገሩ መኪናው በየአምስት ሜትሩ ፍሬን ነበር፣ ትዕግስቱ ሲያልቅ ደግሞ ይገፋል። አባባ ግን አንድ ልጅ መጣ ብለው መንገድ አይዘጉም፣ 15 ወይ 20 እስኪሆኑ አጥሩ ጋ ያቆሟቸዋል፣ ከዛ አንዴ ዘግተው በአንድ ጊዜ ያሻግሯቸዋል፣ ቀጥሎ መኪናውን ለቀቅ ያደርጉለታል። ልጁም ይጠበቃል መኪናውም ይፈሳል። የትራፊክ መጨናነቅና የልጅ ደህንነት አንዱ ሲሻሻል አንዱ ሚበላሽ ይመስለኝ ነበር፣ እዛ ቆሜ ካየሁ በኋላ ግን አይደለም።

ብዙ ትምህርት ቤት የተማሪ ትራፊክ አለ፣ ልጆች ሰደርያ ለብሰው ጓደኞቻቸውን ሚያሻግሩበት። ክበቡ ጥሩ ነው፣ ልጆቹ ብዙ ይማሩበታል፣ የኛም ልጆች አጥሩ ጋ ሰልፍ ያስይዛሉ። ግን የ12 ዓመት ልጅ አስፋልት መሃል ቆሞ ኢሱዙ ያስቁም ሚለውን እኔ አልቀበልም። መኪና ፊት ሚቆመው አዋቂ መሆን አለበት፣ እዚህ ላይ ከብዙ ወላጅ ጋ ተከራክሬያለሁ፣ አሁንም እከራከራለሁ።

ሌላው የአገልግሎቱ ክፍል 100 ሜትሩ ነው። ወተመህ ከትምህርት ቤቱ ጋ ተነጋግሮ ከበሩ በሁለቱም አቅጣጫ 100 ሜትር ውስጥ ማንም ልጅ እንዳያወርድ እንዳይጭን ተስማማን። መኪናና ባጃጅ ያለው ወላጅ ሰፋ ያለው ቦታ ላይ ያወርዳል፣ ከዛ ልጁ አጥር አጥሩን ይዞ በእግሩ ይሄዳል። የመጀመሪያው ሳምንት ጭቅጭቅ ነበር፣ ልጄ ለምን በጭቃ ይሄዳል ያሉ ነበሩ፣ አንዱ አባት መኪናውን አቁሞ ወርዶ ተጣላ። ወር ሲሞላ ግን በሩ ፊት ባዶ ሆነ፣ ድሮ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ከ40 ተቆልፎ ሚቆየው መንገድ አሁን ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ትምህርት ቤቱም ትንንሾቹን 10 ደቂቃ ቀድሞ መልቀቅ ጀመረ፣ የጓሮውንም በር ከፈተ። የጓሮው በር ውስጥ ውስጡን ባለው መንገድ ላይ ነው፣ መኪና ብዙም አያልፍበትም፣ ለዓመታት ተቆልፎ እንጨት የተከመረበት ነበር። አሁን ግማሹ ልጅ በዛ ነው ሚገባው ሚወጣው፣ ስለዚ በዋናው መንገድ ጨርሶ አይመጣም።

ይሄ የበሩ ነገር የኛ ግኝት መስሎኝ ኮርቼ ነበር፣ ለካ ሌላም ቦታ ተሰርቷል። ዳሬሰላም ላይ አሜንድ የሚባል ድርጅት በትምህርት ቤቶች ዙሪያ እንዲህ አይነት በትንሽ ገንዘብ ሚሰሩ ለውጦችን ሲያደርግ ቆይቷል፣ የእግረኛ መንገድ፣ ዜብራ፣ መኪና ሚያዘገይ ጉብታ፣ መኪና እንዳይገባ ሚከለክል አጭር ምሰሶ፣ አንዳንድ ቦታም የግቢውን በር ከዋናው መንገድ ወደ ጎን ማዞር። በፈረንጆቹ 2019 የሮስ ማዕከል የከተሞች ሽልማት የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘውም በዚሁ ስራ ነው። ዳሬሰላም የኛው የምስራቅ አፍሪካ ከተማ ናት፣ ባጃጁም ሞተሩም እንደኛው ነው፣ ስለዚ እነሱ ጋ የሰራ እኛ ጋ ማይሰራበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ዝናቡ ሳልናገር ማለፍ አልችልም ምክንያቱም ጅማ ነን። ብዙ እናት እምቢ ያለችኝ በዚ ነው፣ ልጄ ይበሰብሳል። እውነት ነው በመስከረም ትምህርት ሲጀመር ዝናቡ ገና አልወጣም፣ ከመጋቢት በኋላ ደግሞ ይመለሳል። መፍትሄው ግን ጃንጥላ አይደለም፣ ጃንጥላ የያዘ ልጅ ከጎኑ ሚመጣውን አያይም፣ ጠብታው ጃንጥላው ላይ ሲወርድ ሞተሩንም አይሰማም፣ ንፋስ ሲመጣ ደግሞ ጃንጥላውን ሲያባርር አስፋልት ይገባል። ስለዚ አገልግሎቱ ጃንጥላ ከልክሏል፣ ኮፍያ ያለው የዝናብ ካፖርት ነው ሚፈቀደው፣ እሱም ቢጫ ወይ ብርቱካናማ ቢሆን ይመረጣል። እኔ ሁለቱንም ከመርካቶ ገዛሁ፣ ሲገዙ ኮፍያው ዓይን ማይሸፍን መሆኑን ልጁን አልብሳችሁ እዩ፣ የመጀመሪያው የገዛሁት ሸፍኖባት መለስኩት። ዩኒፎርማቸው ደግሞ ሹራቡ ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ጠዋት ጉም ሲኖር ልጁ ከ20 ሜትር አይታይም፣ ስለዚ ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ ቦርሳቸው ላይ ከኋላና ከማንገቻው አንፀባራቂ ጨርቅ አሰፋሁበት፣ ከሰደርያ የተቆረጠ ነው። ትንሽ ነገር ናት ግን መብራት ሲነካት ከሩቅ ታበራለች። በጣም ከባድ ዝናብ ከሆነ እስኪያባራ መሰብሰቢያው ላይ ይጠብቃሉ፣ ለዚህ ትምህርት ቤቱ እስከ 20 ደቂቃ ፈቅዷል።

አሁን ወደቀነስኳት ግማሽ ነጥብ።

አንደኛ ሐሙስ ነው። ሐሙስ የጅማ ትልቁ ገበያ ቀን ስለሆነ ከገጠር ሚመጣው ሰው፣ ፈረሱ፣ አህያው፣ ጋሪው፣ ጭነቱ ሁሉ ጠዋት ላይ ወደ ከተማው ይገባል፣ በሂርማታ በኩል ያለው የልጆች መስመር በዛ መሃል ነው ሚያልፈው። ሁለት አዋቂ አይበቃም። አንዴ ከገመዱ ሁለት ልጅ ተለይቶ በጎች መሃል ቀርቶ ለአምስት ደቂቃ ተፈልጓል፣ ተገኙ ግን አምስቱ ደቂቃ ለወላጅ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እስካሁን ሶስተኛ ሰው አልተመደበም። ቡና በሚደርስበት ሰሞን ደግሞ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ማለት ነው፣ ጆንያ የጫነ ኢሱዙ ይበዛል፣ የተጫነ መኪና ለመቆም ብዙ ርቀት ይፈልጋል፣ አባባ ራሳቸው በዛ ሰሞን ባንዲራውን ቀደም ብዬ ነው ማነሳው ብለውኛል።

ሁለተኛ ተተኪ የለም። ጥር ላይ አባባ ታመው ለስምንት ቀን ሲቀሩ ወላጆች በተራ ገባን፣ እኔም አንድ ቀን ገባሁ። ፊሽካ መንፋት ቀላል ነው፣ መኪና ፊት ቆሞ አለመሸሽ ግን ልምድ ይፈልጋል፣ እግሬ ተንቀጠቀጠ። አገልግሎቱ በአንድ ሰው ጤና ላይ መቆም የለበትም፣ ይሄን በስብሰባም ተናግሬያለሁ፣ ቢያንስ ሁለት ሰው ከሳቸው ጋ ቆሞ ይልመድ።

ሶስተኛ ቀለሙ። ዜብራው በተቀባ በጥቂት ወር ውስጥ በዝናቡና በጎማው ይጠፋል፣ የጠፋ ዜብራ ደግሞ ለሾፌሩ ሰበብ ነው፣ መች አየሁት ይላል። ጉብታም ጠይቀን እየጠበቅን ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፣ አንዳንድ ሰፈር ወላጆች ሲቸግራቸው በራሳቸው አፈርና ድንጋይ ከምረው ጉብታ ሲሰሩ አያለሁ። ስሜቱ ይገባኛል፣ እኔም ልጄ የወደቀች ቀን ድንጋይ መደርደር አምሮኝ ነበር። ግን ቀለም የሌለው ምልክት የሌለው ጉብታ ማታ ባለሞተሩን ይጥለዋል፣ ሹል ከሆነ ደግሞ አምቡላንስም አያሳልፍም፣ መኪናውም እሱን ሲሸሽ በዳር በኩል፣ ልጆቹ ሚሄዱበት ላይ ይወጣል። በልኩ የተሰራ፣ ሰፋ ብሎ ዘቅዘቅ ያለ፣ ከሩቅ ሚታይ መሆን አለበት፣ ከሁሉ ጥሩው ዜብራው ራሱ ከፍ ብሎ ሲሰራ ነው፣ መኪናው ልጁ ሚሻገርበት ቦታ ላይ ራሱ ይቀንሳል፣ ልጁም ከፍ ስለሚል ይታያል። ኮሪደር ልማቱ በደረሰባቸው መንገዶች ሰፊ የእግረኛ መንገድ ስላገኘን ደስ ብሎኛል፣ ሰፊና ለስላሳ አስፋልት ግን ሾፌሩን ያፈጥነዋል፣ ትምህርት ቤት ያለበት ጋ ሲደርስ ሚያዘገይ ነገር አብሮ ካልተሰራ አደጋው ቦታ ነው ሚቀይረው።

ቤታችሁ ሩቅ ለሆነ፣ ለምሳሌ በቦዬ በኩል ወይ ከጅረን በላይ ለሆናችሁ፣ በእግር አይሆንም፣ ባጃጅ ግድ ነው። እንግዲያው ኮንትራት ስትዋዋሉ ስንት ዙር ትሰራለህ ብላችሁ ጠይቁት፣ ከዋጋው በፊት ይሄን። ሁለት ዙር ካለው በሁለቱ መሃል ስንት ደቂቃ እንዳለው አስሉ። የግራ በኩሉ በብረት ወይ በሸራ የተዘጋ ይሁን፣ ልጁ በቀኝ ብቻ እንዲወርድ። ከሾፌሩ ጎን ማንም ልጅ አይቀመጥ፣ ይሄ ለድርድር አይቀርብም። እና ዋጋው ላይ አትጨክኑበት፣ በሶስት ልጅ ገቢ መኖር ካልቻለ አራተኛውን ይጨምራል፣ እኛ ያጋጠመን እሱ ነው፣ እኛ ወላጆች ትንሽ ትንሽ ብንጨምርለት ኖሮ ሰባት ባልሆኑ። ማውረዱን ደግሞ ከበሩ ራቅ አድርጎ ያውርድ።

ክፍያው ለአንድ ልጅ በወር 200 ብር ነው፣ ለወንድም ወይ እህት ግማሽ፣ መክፈል ለማይችል ነፃ ነው፣ ማን እንደማይከፍልም ልጆቹ አያውቁም፣ ይሄን በጣም ወድጄዋለሁ። ገንዘቡ ለአባባና ለስድስቱ አጃቢዎች ደሞዝ፣ ለሰደርያና ለቀለም ነው ሚውለው፣ በየሶስት ወሩ ሒሳቡ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። እኔ ለባጃጅ ከማወጣው አንድ አራተኛ እንኳን አይሆንም። ምዝገባው ጳጉሜን ላይ ወተመህ ቢሮ ነው፣ የልጁን ሁለት ፎቶና ሚረከበውን ሰው ስልክ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከወላጅ ውጪ ሌላ ሰው ሚረከብ ከሆነ ስሙ አስቀድሞ ካልተፃፈ ልጁን አይሰጡም።

ለሐሙሱ መስመር ደግሞ ሶስተኛ አዋቂ እየፈለግን ነው፣ ልጅ ባይኖራችሁም ይሆናል። ጠዋት 1፡15 ላይ በሂርማታ በኩል ያለው መሰብሰቢያ ኑ፣ ፊሽካና ሰደርያ እዛው ይሰጣችኋል፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሐሙሶች ከአባባ ጋ ቆማችሁ ታያላችሁ፣ ከዛ በኋላ ነው ገመዱን ምትይዙት።